በዳውያ ጆሮ ላይ የጠቀጠቅኩት ተምር

ወሬ ሰምቼ አይደለም የምጽፍላችሁ። ከዳውያ አጠገብ ነበርኩ። የማያምን አልጄሪያ በረሃ፣ ከተማችን ቲሚሙን ድረስ ይምጣና ጉድጓዱን ላሳየው።

ሰዓቱ የነሐሴ ቀትር ነው። ዙህር ተሰግዶ ሰው ሁሉ በሩን ዘግቶ ተኝቷል።

የልጅ ልጄ ዳውያ ስምንት ዓመቷ ነው። ጆሮዎቿ ትልልቅ ናቸው። የሰፈር ልጆች "የበረሃ ቀበሮ" እያሉ ስለሚያበሽቋት ሻሿን እስከ ቅንድቧ ነው የምትጠመጥመው።

የዚያን ቀን ሳሌም መጣ። ከመሬት በታች ውሃ የሚያመጣልንን ቦይ፣ ፎጋራውን፣ የሚጠብቀው እሱ ነው። ውሃው ከቀነሰ ሰንብቷል።

"እማማ፣ ዳውያን ላንዳፍታ ያውሱኝ። ወደ ቦዩ በሚወርደው ጉድጓድ አፍ ላይ ተኝታ ታዳምጥልኝ። በዚያ ጆሮ ውሃው የት እንደተዘጋ አይጠፋትም።"

"ጆሮ በትልቅነቱ የሚሰማ ቢሆን የኔን አታየውም? ዕድሜ እየጎተተው ትከሻዬ ሊደርስ ነው። ቅርብ ካልሆነ አዛን እንኳ አልሰማበትም።"

ሳሌም ሳቀ። ዳውያ ግን ተነሥታለች። ጆሮዋን የፈለገላት ሰው የመጀመሪያው እሱ ነው። ሻሿን ፈታች...

ፍሬውን ሳወጣለት የነበረውን ተምር ከነሳህኑ ይዤ ተከተልኳቸው።

በሆዷ ተኝታ አንገቷን ወደ ጉድጓዱ ሰደደች።

"ውሃ የለም" አለች።

ትንሽ ቆይታ...

"ሰው አለ።"

"ምን ይላል?" አለ ሳሌም።

"ስሜን።"

ሳሌም ፊቱ ተለወጠ። "እማማ... ታች ማንም አልወረደም እኮ።"

"አያቴ ናት" አለች ዳውያ። "ነይ ትለኛለች።"

አያቷ እኔ ነኝ፤ አጠገቧ ነኝ። አፌ ተዘግቷል።

በክርኗ ወደ ፊት ተሳበች... ቀሚሷን ጨበጥኩ። ሳሌም እግሯን ያዘ። ያቺ ሚጢጢ ልጅ ሁለታችንንም ጎተተችን።

ጆሮዋን በመዳፌ ደፈንኩት።

"አሁንም ትጠራኛለች።"

ያኔ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ አስተማሪያችን፣ ድምፅ ከላይ ይምጣ ከታች የምንለየው በጆሯችን እጥፋት ነው ብሎን ነበር። እጥፋቱ ከተሞላ አቅጣጫው ይምታታል።

ጥሪውን ማስቆም አልችልም። ከየት እንደሚመጣ እንዳታውቅ ማድረግ ግን እችላለሁ።

ተምሩን በጣቴ አድቅቄ በጆሮዋ እጥፋት ሁሉ ጠቀጠቅኩት።

መሳቧን ተወች። ቀና አለች... ሰማዩን አየች።

"አያቴ... አሁን ከላይ ነሽ። አይ፣ ከኋላዬ... የት ነሽ?"

"ድምፄን ተይው። እጄን ያዢ።"

ያዘችኝ። ሳሌም ተሸክሟት ሮጠ።

እኔ ቀረሁ። ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ አልኩ።

"እኔን ጥራኝ" አልኩት። "ደንቆሮ ነኝ። እስኪደክምህ ጥራ።"

በማግስቱ ቀትር ላይ ጉድጓዱን ልዘጋው የዘንባባ ሳንቃ እየጎተትኩ ብቻዬን ተመለስኩ።

በጉድጓዱ አፍ፣ ከውስጥ በኩል፣ ከደረቀ ዓመታት ባለፉት ጭቃ ላይ... የጆሮ ቅርጽ ታትሟል። ስፋቱ ትሪ ያክላል።

ሳንቃውን ከመጫኔ በፊት አፌን አስጠጋሁ።

"ዳውያን አልሰጥህም።"

ቅርጹ ድምፄን ሊያዳምጥ ቀስ ብሎ... ወደ አፌ ዞረ።