ጠብታ ያልወደቀበት በረንዳ

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ወንዶሰንን ከአሸዋ ጫኝ መኪና ስር ጎትተው ሲያወጡት እናቱ ወይዘሮ ብዙወርቅ አላለቀሱም። የነገሌ ሰው አፉን ያዘ። አንድያ ልጅ፣ የከብት ሐኪም፣ ከደጁ ወጥቶ አስፋልቱን እንደያዘ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሞተሩ ከስሩ ሾልኮ ቀረ። እናትየዋ ግን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዓይናቸው እንደ በጋ ኤላ ጉድጓድ ደርቆ ተቀመጡ።

ትራፊኩ ጽፎ ጨርሷል። ሟች የሞተሩን ሰንሰለት ሲቀባ ዘይቱን ጎማው ላይ አፍስሶ በራሱ ዝርክርክነት ተንሸራተተ ይላል ወረቀቱ።

«በራሱ ምን?» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ። «ዝርክርክነት? እኔ ያሳደግኩት? ወረቀትህን አጥፈህ ዋጠው! ልጄን የገደለ ሰው ፊቴ እስኪቆም አንዲት ዘለላ አላነባም። እንባዬም ክብር አለው።»

ይህ አነጋገር ከጆሮዋ ደርሶ ነው ኢንስፔክተር ራሕማ እሁድ ጠዋት ወደ ለቅሶው ቤት የመጣችው። ራሕማ የገበያ ሰው ልጅ ናት፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ዓይኗ ግን ሚዛን የለመደ። የመጣችበት ሞተር ሰንሰለቱ ደርቆ እንደ አሮጌ በር ይንጫጫል።

«አላህ ያጽናዎት፣ እማማ።»

«ማጽናናቱን ለድንኳኑ ተዪው። አንቺ አልቃሽ ነሽ ወይስ ፈላጊ?»

«ፈላጊ።»

«እንግዲያው ግቢ።»

በረንዳው ላይ አቆሟት። በየማለዳው የሚታጠብ ሲሚንቶ ነው፤ የጤፍ እንጀራ ቢወድቅበት የሚበላ።

«ይኸውልሽ። አንድ ጊዜ ልጄ እዚህ ላይ ዘይት አንጠባጠበና በጥፍሩ አስፈተግኩት። ከዚያ ወዲህ ካርቶን ሳያነጥፍ ሞተሩን አይነካም። በማቆሚያው ያቆመዋል፤ አያስነሳውም። አስነስቶ የሚያጸዳ ጣቱን የጠላ ጅል ነው ይላል። ጎማውን በእጁ እያዞረ ላምባ በነካ ብሩሽ ሰንሰለቱን ይፈትጋል፣ በአሮጌ ካልሲ ያደርቃል። ሌላ ካርቶን በሰንሰለቱና በጎማው መሀል ይሸጉጣል። ከዚያ በከብት መርፌው፣ ሹሉን ነቅሎ፣ በየመጋጠሚያው ከውስጥ በኩል አንዳንድ ጠብታ። ትርፉን ይጠርጋል። ካርቶኖቹን ለእሳት ማቀጣጠያ ከኩሽናው ጥግ ይደረድርልኛል።»

«ዓርብስ?»

«ዓርብ በዘጠኝ ሰዓት እንዲሁ አደረገ። የቀሩኝን ሁለት ካርቶኖች ጨረሰ። እኔ ወደ ማኅበሬ፣ እሱ ወደ እጮኛው ሄድን። ሞተሩ እዚህ ብቻውን ቆመ። ደጄ እንደሆነ ተዘግቶ አያውቅም።»

ራሕማ ተቀምጣ ሲሚንቶውን በጣቷ ዳሰሰች። ጠብታ የለም። ከዚያ አጥር ስር ወደተደገፈው የተሰባበረ ሞተር ሄዳ በነጭ መሐረብ ሰንሰለቱን ጠረገች፤ መሐረቡ ጥቂት ቢጫ ሆነ። ጎማውን ጠረገች፤ ከሰል መሰለ። ዞራ በወዲያኛው ጎን ጠረገች፤ አሁንም ከሰል።

«እማማ፣ ሰንሰለቱ በየት በኩል ነው?»

«በግራ! ዕውር ነሽ እንዴ?»

«አይደለሁም» አለች ራሕማ መሐረቡን እያጠፈች። «ዓርብ ማን መጥቶ ነበር?»

ጎረቤት ያየው ሁለት ሰው ነው። አንዱ ዲዳ የሚባል፣ ከወደራ በኩል የሆነ ከብት አርቢ፣ ወንዶሰን የከተበለት አሥራ ሁለት ከብት ሞቶበታል። ሌላው ሚክዳድ፣ መለዋወጫና መድኃኒት ነጋዴ፣ ጊዜው ያለፈበት የከብት መድኃኒት ሲሸጥ ወንዶሰን ሱቁን አሳሽጎበታል። ሁለቱም ለለቅሶ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ነበሩ። ዓርብ ባይታይም በግቢው የሚወጣ የሚገባ ሦስተኛ ሰው የቤቱ ተከራይ ቢረሳው ነው፤ የወንዶሰን የሥራ ባልደረባ፣ የክትባቱ ማቀዝቀዣ ጠባቂ። ከሁሉ አብልጦ ደረቱን የሚመታ እሱ ነው።

ዲዳ በትሩን ተደግፎ ቀርቦ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ። «አካም፣ አዴ ብዙወርቅ። ናጋ?»

«ናጋ፣ ሰላም ከየት ይምጣ፣ ዲዳ?»

ራሕማ ጠየቀችው። «ገበያ መሀል ሞተሩ ይግደለው ብለሃል።»

«ብያለሁ። አሥራ ሁለት ከብት የሞተበት ሰው ምን ይበል? ይመርቅ? ዓርብ የመጣሁት ልሰድበው ነው፤ አጣሁት። እኔ ብገድል በፊት ለፊት፣ በቀን ነው።»

«ይሁን። እስቲ የኔን ሰንሰለት ቀባልኝ፤ ጩኸቱ አሰለቸኝ።»

ዲዳ የዘይቱን ጣሳ ተቀብሎ ግመል እንደሚያጠጣ ሰው ገለበጠው። ሲሚንቶው ላይ ኩሬ ሆነ።

«ውይ! እጅህ ይሰበር!» ወይዘሮ ብዙወርቅ አመድና ላምባ ይዘው ተንበረከኩ፤ እድፉ ሳይለቅ ቀና አላሉም።

ቀጥሎ ሚክዳድ። «አልወደውም ነበር፤ አልዋሽሽም። ዓርብ የመጣሁት ያዘዘኝን የፍሬን ሸራ ላደርስ ነው።»

«ለጠላትህ?»

«ነጋዴ ነኝ እቴ! ጠላት አይገዛም ያለሽ ማነው?»

«ጥቁሩን፣ የተቃጠለውን የሞተር ዘይትስ ለማን ትሰጣለህ?»

«ለምስጥ መከላከያ ያልወሰደ ማን አለ? ዲዳ ለአጥሩ፣ ቢረሳው ለአልጋው እግር።»

እሱም ቀባላት። በቀጭኑ፣ በባለሙያ እጅ፤ የተረፈውን ግን በአውራ ጣቱ ጠርጎ ጣቱን በበረንዳው ምሰሶ አበሰ።

«የሱቅህ ግድግዳ መሰለህ፣ አንተ ቆሻሻ?»

ቢረሳው ዓይኑ ደም ለብሶ መጣ። «እኔ ሐሙስ ለሥራ ዱብሉቅ ወረድኩ። ቅዳሜ ስመለስ ወንድሜ አፈር ሊለብስ ሲል ደረስኩ።»

«የሁለቱ አቀባብ አልጣመኝም። እስቲ አንተ ሞክርልኝ።»

ቢረሳው ለለቅሶ ከመጣው ሁለት ባዶ የቴምር ካርቶን አነሣ። አንዱን አነጠፈ፣ አንዱን ከጎማው መሀል ሸጎጠ፣ ቀባ፣ ጠረገ፤ ካርቶኖቹን ወስዶ ከኩሽናው ጥግ ደረደረ። ጠብታ የለም።

«እንዲህ ነው!» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ። «አንድ ጊዜ ምሳ ብከለክለው ተማረ። ተባረክ።»

ራሕማ ሰዉ ሲበተን ወደ ኩሽናው ጥግ ወሰደቻቸው። «እነዚህን ያውቋቸዋል?»

«ሁለቱ ቴምር፣ አሁን የመጡ። የፓስታውና የሳሙናው የዓርብ ናቸው፣ የልጄ...» ከመሀል ያለውን ሳቡት። ሰማያዊ ላም የተሳለችበት ካርቶን ነው፤ በላዩ ጥቁር የጎማ ጥርስ ታትሟል። እጃቸው ቆመ። «ይሄ የኔ አይደለም። ፊደል አልቆጠርኩም፤ ካርቶኔን ግን እቆጥራለሁ።»

ራሕማ ተቀብላ ከልብሷ ስር ሸሸገችው።

«ማነው?»

«ነገ በሠልስቱ።»

«ስሙን ንገሪኝና በጥርሴ...»

«ለዚህ ነው ነገ ያልኩት፣ እማማ።»

ሰኞ በሠልስቱ ድንኳኑ ሞላ። ራሕማ ሦስቱን በረንዳው ላይ አስቀመጠች፤ በመሀላቸው የተቃጠለ ዘይት ጣሳ፣ የተሰባበረው ሞተርም ከጎን።

«ወንዶሰን በራሱ ዘይት ተንሸራተተ ተባለ። ሰንሰለቱ ግን በግራ ነው። ዘይት ቢረጭ የሚያገኘው የጎማውን ግራ ጎን ነው። ይህ ጎማ ግራ ቀኙና መሀል ጥርሱ ሁሉ ተቀብቷል። ደግሞ የእሱ ዘይት ቢጫ ነው፤ ይህ ጥቁር። ሰው በብሩሽ ቀባው።»

ድንኳኑ አጉረመረመ።

«ጥቁር ዘይት ሦስቱም ጋ አለ። እኔን የቸገረኝ በረንዳው ነው። ሊገድል የመጣ ሰው ይቸኩላል፣ ያፈሳል፣ ይሸሻል። እዚህ ግን ጠብታ የለም። የእማማን ልጅ እየገደለ ለሲሚንቷቸው የሚጠነቀቅ ማን ነው? ምላሳቸውን የቀመሰ የቤት ሰው! ትናንት አስቀባኋችሁ። ዲዳ አፈሰሰ። ሚክዳድ በምሰሶው አበሰ። ቢረሳው ሳይታዘዝ ካርቶን አነጠፈ።»

«ንጹሕ መሆን ወንጀል ሆነ?» አለ ቢረሳው ፈገግ ለማለት እየሞከረ።

«አልሆነም። ዓርብ ግን እማማ ካርቶን አልቆባቸዋል። ገዳዩ የራሱን ይዞ መጣ።» ሰማያዊዋን ላም ገለጠችው። «የከብት መርፌ ካርቶን ነው። በዓርብ አውቶቡስ መጣ፤ ረዳቱ መናኸሪያ ላይ በስምንት ሰዓት ለአንተ እንዳስረከበህ መስክሯል። ሐሙስ ዱብሉቅ የወረደ ሰው ዓርብ ነገሌ እንዴት ዕቃ ይቀበላል?»

ቢረሳው መቀመጫውን ወደ ኋላ ሳበ።

«ምክንያቱ ከሟች ኪስ በተገኘ ወረቀት ወጣ፤ በእጁ የጻፈው ነው። ማቀዝቀዣው ሁለት ቀን ጠፍቶ ክትባቱን ሙቀት በላው፤ አንተ ደብቀህ ሰጠኸው። ወንዶሰን ደረሰበት። ቅዳሜ ወደራ የሚሄደው ለዲዳ ሽማግሌዎች ጥፋቱ የማን እንደሆነ ሊናገር ነበር።»

ዲዳ በትሩን ጥሎ ተነሣ። «ያልበደለኝን ሰው ረገምኩ!»

ቢረሳው ከመቀመጫው ሲስፈነጠር እግሩ ጣሳውን መታው። ጥቁሩ ዘይት በታጠበው ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቶ ሄደ። ሁለት ፖሊሶች ያዙት። እሱ ግን፣ ልማድ ክፉ ነው፣ ፖሊስ ይዞት ሳለ ዓይኑ ጨርቅ ይፈልግ ጀመር፤ ጎንበስ ብሎም በእጅጌው ሊጠርግ ሞከረ።

«ተው!» አሉ ወይዘሮ ብዙወርቅ። ድምፃቸው አልጮኸም። ቀርበው ፊቱን አዩት። «ሦስት ዓመት ከገበታዬ በልተሃል። ልጄን ስትገድል ሲሚንቶዬን ፈራህ፣ እኔን አልፈራህም። አትንካው። እሱን የምጠርገው እኔ ነኝ፤ የማነባውም ያኔ፣ በተፈረደብህ ቀን።»

ዘይቱ እዚያው ደረቀ። በአርባው ለቀስተኞች መጡ፣ እየተሻገሩት ገቡ። ጎረቤታቸው እሙሽ ሳሙና ይዛ ብትመጣ ወይዘሮ ብዙወርቅ እጇን መቱት። «ቀጠሮ አለበት!» አሉ። በየቀጠሮው ችሎት የፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ ቢረሳውም በገባ ቁጥር አንገቱን ይደፋል።

በሰባተኛው ወር ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ራሕማ በሞተሯ አድርሳ ከደጃቸው አወረደቻቸው። ልብሳቸውን ሳይለውጡ አመድና ላምባ አመጡ፣ በረንዳው ላይ ተንበረከኩ፣ ገጹ እስኪላጥ በጥፍራቸው ፈተጉት። ሲሚንቶው ነጭ ብሎ ሲወጣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ጣሉ።

«ወንዶሰኔ!» አሉ፤ ነገሌ ሰማቸው።