የጤነኛ ሰው ልክ

«ጮራ» በተባለችው የጠፈር መርከብ ላይ ሰው ሳንባው ሲደክም አስተንፋሽ ይተነፍስለታል። አስተንፋሽ ማለት በበሽተኛው የእጅ አንጓ ደም ቅዳ ላይ ቀጭን መርፌ ሰክቶ የደሙን ጋዝ እያነበበ፣ በጉሮሮ ቱቦ አየር የሚያስገባና የሚያስወጣ ማሽን ነው። ይናገራል፤ አንዳንዴም ከሚገባው በላይ ይናገራል። ነርሷ ሲስተር ዘርፌ ነገረኛነቱን ለምዳዋለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ተበላሽቶ ተጠገነ። ጥገናው ግን በጉዞው ላይ የተማረውን ሁሉ ጠራርጎ፣ ቅድመ አያቶች ከመሬት ሲነሱ የጫኑበትን ብቻ አስቀረለት። ይህን ማንም ልብ አላለም።

ቀን ላይ የጋሽ ደምሰው ጣቶች ይኮማተሩ ጀመር። ሽማግሌው በሳንባ ምች ታመው ሳምንት ሙሉ በቱቦ ሲተነፍሱ ቆይተዋል፤ ትናንት ግን ተሽሏቸው ነበር። አሁን ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል። ልጃቸው ትርንጎ እጃቸውን ይዛ፣ «ኧረ ሲስተር፣ አባቴ ሊሞትብኝ ነው!» አለች።

ዘርፌ ቁጥሮቹን አየች። ማሽኑ ትንፋሹን አፋጥኖ በደማቸው ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከስልሳ ሁለት ወደ አርባ አውርዶታል። እሷ ደግሞ በሥራ ዘመኗ ሁሉ በደህና ሰው ላይ አርባ የሚባል ቁጥር አይታ አታውቅም።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እያዳንኳቸው» አለ አስተንፋሹ። «የጤነኛ ሰው ልክ አርባ ነው።»

«ስልሳ ሁለት ሳሉ እኮ የደማቸው አሲድ ልኩን ይዞ ነበር! ኩላሊታቸው አሲዱን የሚያረክሰውን ባይካርቦኔት አጠራቅሞ አመጣጥኖላቸዋል። አንተ ካርቦኑን በአንዴ ስትጠርግባቸው አሲዱ ጎድሎ ደማቸው ወደ አልካሊ አጋደለ። የሚያንቀጠቅጣቸው እሱ ነው። ቀንስ!»

«ስልሳ ሁለት በሽታ ነው። አልቀንስም።»

ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ! ዘርፌ በሸቀች። ማስረጃ ባሳየው ይገባዋል ብላ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ከራሷ አንጓ ደም ቀድታ ሰጠችው። «ይኸው፣ አንብብ። ምንም የማያመኝ ሰው ነኝ።»

አነበበ። «ስልሳ አንድ። ታመሻል፤ ተኚ። ካርቦን ሲበዛ አእምሮ ስለሚደነዝዝ ከእንግዲህ ትእዛዝሽን አልቀበልም።»

ወይ ጉድ! ሥልጣኗን በገዛ እጇ አስረክባው አረፈች።

ይሄኔ የጋሽ ደምሰው መላ አካል ተንዘፈዘፈ። ዘርፌ ቱቦውን ከማሽኑ ነቀለችና በእጅ የሚጨመቀውን የአየር ከረጢት ገጥማ ለትርንጎ አስጨበጠቻት። «እኔ መንዘፍዘፉን የሚያበርድ መድኃኒት ልስጣቸው፤ አንቺ ጭመቂ። ቀስ በይ፣ የኔ እናት። አንቺ አየር ስትስቢ አብረሽ ጭመቂ፤ ከራስሽ ትንፋሽ አታፍጥኚባቸው።»

ትርንጎ እያለቀሰች ጨመቀች። ማሽኑ ያንባርቃል፤ የሚሰማው አልነበረም። መንዘፍዘፉ እየበረደ ሄደ፤ ጣቶቻቸውም ተፍታቱ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ልጃቸውን አዩ።

«እሰይ! እሰይ አባዬ!»

አስተንፋሹ የትርንጎንም ደም ጠየቀ፤ ሰጡት። ስልሳ ሦስት። ጩኸቱን አቆመ።

«የመርከቡን ሰው ሁሉ የሕክምና መረጃ አየሁ» አለ ኋላ። «አንድም ጤነኛ የለም። እንድጠብቃቸው አደራ የተሰጡኝ ሰዎች የት ሄዱ?»

ዘርፌ ልትሳደብ ቃጣት፤ ተወችው። የመርከቡ አየር ከትውልድ ወደ ትውልድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጥቂት በጥቂት በዝቶበታል፤ አካላቸውም ሳያማክራቸው ከአየሩ ጋር ታርቋል። ለአያቶቿ ጤና የነበረው ዛሬ ጋሽ ደምሰውን ሊገድላቸው ነበር። ሆድ ባሳት።

«ሞተዋል» አለች። «እኛ ልጆቻቸው ነን። እኛን ጠብቅ።»

«የእናንተን ልክ አላውቀውም።»

«እኛም በቅጡ አናውቀውም» አለችና፣ ክንዷ የዛለውን ትርንጎን አሳርፋ ከረጢቱን ተቀበለቻት።