ከመስፊያው ክፍል የወጣው ሞተር

መምህሩ ከቁልቁለቱ ግርጌ የድንጋይ አጥር ተደግፎ ተገኘ። ላየው ሰው ደክሞት ቁጭ ያለ ይመስል ነበር፤ አንገቱ ግን ተሰብሯል። ዓመት ሙሉ ቤቱ ውስጥ ሲፈታና ሲገጥማት የከረመው ትንሽ ሞተር ሳይክል አጠገቡ ወድቃለች። የኋላ ጎማዋ ድንገት ተቆልፎ የአቧራውን መንገድ እንደ ማረሻ ሰንጥቆታል።

ኢንስፔክተሯ የተጠራችው ከቀብር በኋላ ስለነበር ገና ከጅምሩ አንጀቷ አረረ። ሟች ተቀብሯል፣ ሞተር ሳይክሏ ተገፍታ ቤት ገብታለች፣ መንገዱን መኪና ሲመላለስበት ሰንብቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ «ነይና መርምሪ» ይባላል? ያመለከተው የሟች ሚስት ወንድም ነው፤ የጭነት መኪና ሹፌር። እሱ ምርመራም አላስፈለገውም፤ ገዳዩን ከነምክንያቱ አዘጋጅቶ ጠበቃት። ገዳዩ ሰፈሩ «ቶርኖ» እያለ የሚጠራው፣ ብረት በመቅረጽ የሚተዳደረው የመምህሩ ጓደኛ ነው። ሲሊንደሩን ሲያሰፋ አጥብቦ ተወው፤ ፒስተኑ ሲግል አብጦ ሲሊንደሩን ነክሶ ቆመ፤ ጎማው ተቆለፈ፤ አበቃ።

ሞተሩ የተፈታውም የተገጠመውም የሟች ሚስት ልብስ በምትሰፋበት ክፍል ነው። ምስኪን! ከስፌት ማሽኗ ሥር ብሎን ስትለቅም፣ ከደንበኛ ነጭ ቀሚስ ላይ ግሪስ ስታስለቅቅ ነው የከረመችው። ትልቁ ድስቷ የሞተሩ ኩሽኔታ ከጋለበት ወዲህ ምግብ አልተሠራበትም። ባሏ ራት ላይ እንኳ ወሬው ሌላ አልነበረም፤ ጭስ ማውጫውን እንዴት ቆርጦ እንደበየደው፣ ካርቡሬተሩን እንዴት እንዳሰፋው፣ እንዲህ ያለ ሞተር ቤንዚኑ ውስጥ ዘይት ካልተቀላቀለለት እንዴት ወዲያው ነክሶ እንደሚቀር። ይህን ሁሉ የነገረቻት ራሷ ልብስ ሰፊዋ ናት፣ ከስፌቷ ቀና ሳትል።

ወሬው መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ ግቢ ወጥታ ጄኔሬተሩን በገመዱ ስባ አስነሳችው። ሰማያዊ ጭስ በመስኮቱ ተግተልትሎ ሲገባ ኢንስፔክተሯ እስኪያንቃት ሳለች። በየጠዋቱ አልነሳም እያለ የሚያስለፋት የራሷ አሮጌ ስኩተር ልክ እንዲህ ነው የሚሸተው።

«አርጅቷል» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ሹፌሩ ሲሊንደሩን ቀድሞ ፈትቶት ስለነበር የተቧጨረውን ፒስተን መዳፏ ላይ አኖረላት። ኢንስፔክተሯ ግን ስኩተሯ ያስተማራት ነገር አለ፤ ዘይት ያጣ ፒስተንም እንደዚሁ ይቧጨራል። ከሞተር ሳይክሏ ታንክ ጥቂት ቤንዚን ቀድታ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብ አደረገች። ቤንዚኑ ተነነ፤ ወረቀቱ ላይ ግን የቅባት ነጠብጣብ ቀረ። ዘይት አለው። እንዲያውም ከልክ በላይ አለው።

ቶርኖን ሱቁን ዘግቶ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ሊከራከራት አልሞከረም።

«ከአደጋው በፊት በነበረው ማታ ዘይቱንና ቤንዚኑን ከመምህሩ ጋር በጀሪካኑ አብረን ነው የቀላቀልነው» አላት። «ስለዚህ ዘይት አጥቶ አይደለም። የኔ ሥራ ነው።»

«ሲሊንደሩን አልለካኸውም?»

«ደጋግሜ ለክቻለሁ። ግን ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ፈርም ካልሽኝ እፈርማለሁ። እስር ቤትም ልግባ።»

ጥፋቱን በራሱ እጅ የሚቀበል ተጠርጣሪ ሲገኝ መርማሪ ደስ ይለው ነበር። እሷን ግን አበሳጫት። በዚህ ላይ አለቃዋ በስልክ ደጋግሞ ይጨቀጭቃታል፤ ሰውዬው ካመነ አስፈርመሽ ዝጊው፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን ይሠራልሻል ይላታል። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበትና ወደ ጎረቤት ሄደች።

ጎረቤትየው ጡረተኛ ናቸው፤ ሥራቸው መስኮትና ቅሬታ ነው። የመምህሩ ሞተር ዓመት ሙሉ እንቅልፍ እንደነሳቸው፣ አሁን ደግሞ ከእሱ ሲገላገሉ ጄኔሬተሩ በቦታው እንደተተካ ነገሯት። ጄኔሬተሩ ድሮ እንዲህ አያጨስም ነበር፤ ማጨስ የጀመረው መምህሩ በሞተበት ሰሞን ነው። ሹፌሩስ? አማቹ የሞተ ዕለት ጠዋት ነው ከሩቅ መንገድ የገባው፤ ጭነቱን እንኳ ሳያራግፍ ወደ ቁልቁለቱ ሮጦ ሞተር ሳይክሏን እየገፋ የመለሳት እሱ ነው።

ኢንስፔክተሯ ተመልሳ ከሞተር ሳይክሏ አጠገብ ተንበረከከች። ከታንኩ ወደ ካርቡሬተሩ የሚወርደው ቤንዚን መክፈቻ ተዘግቷል። ከካርቡሬተሩ ሥር ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ጽዋ አለች፤ ያቺን የያዘችው ብሎን አልፈታም ብላ ጣቷን ላጠቻት። ኢንስፔክተሯ ብሎኗንም፣ የሠራትንም፣ ሞተር የሚባል ነገር ያመጣብንንም ሰው ረገመች። በስተመጨረሻ ተፈታች። በጽዋዋ የቀረውን ቤንዚን ወረቀት ላይ ጠብ አድርጋ ጠበቀች። ወረቀቱ ደረቀ፤ ምንም ነጠብጣብ አልቀረበትም። ያን ጊዜ ሁሉንም ወደ መስፊያው ክፍል ጠራቻቸው።

ሹፌሩ በር ላይ ቆመ፣ ቶርኖ ግድግዳውን ተጠጋ፣ ጡረተኛው ሳይጠየቁ ወንበር ያዙ። ልብስ ሰፊዋ ከማሽኗ ኋላ ነበረች።

«ከመምህሩ በቀር ሞተሩን ያልረገመ እዚህ የለም፤ እኔንም ጨምሮ» አለች ኢንስፔክተሯ። ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህኛው ከታንኩ ነው፤ ዘይት አለው። ይህኛው ከካርቡሬተሩ ነው፤ ሞተሩ ሲነክስ ይጠጣው የነበረው እሱ ነው። ዘይት የለውም። ታንኩ ውስጥ ዘይት የተጨመረው እንግዲህ ከአደጋው በኋላ ነው። ወንድሜ፣ መክፈቻውን ማን ዘጋው?»

«እኔ» አለ ሹፌሩ። «ቤንዚን እንዳይንጠባጠብ ብዬ ነዋ።»

«መልካም አደረግክ፤ ከዚያ በኋላ የጨመርከው ዘይት ወደ ታች እንዳይወርድ ያገደው እሱ ነው። መጠኑን ስለማታውቅ ደግሞ አበዛኸው። ቶርኖ ዘይቱን ቀላቅያለሁ ሲል አልዋሸም። ታዲያ የቀላቀሉት ቤንዚን የት ሄደ?»

ጄኔሬተሩ ውጭ እየተንተፋተፈ ያጨሳል።

«እዚያ ነው ያለው» አለች ኢንስፔክተሯ በመስኮቱ እያመለከተች። «ጄኔሬተሩ ዘይት ያልገባበት ቤንዚን ነው የሚፈልገው፤ ዘይት ሲያጠጡት እንዲህ ያጨሳል። ሰው የጄኔሬተሩን ቤንዚን ወደ መምህሩ ጀሪካን፣ የመምህሩን ወደ ጄኔሬተሩ ገለበጠ። ለክፋት የመጣ ሰው ቢሆን ደፍቶት ይሄድ ነበር። ቤንዚን መድፋት የሚያሳሳው የቤቱ ሰው ነው።»

«እኔ ነኝ የቀየርኩት» አለ ሹፌሩ።

«አንተ ጠዋት ነው የገባኸው። የቀላቀሉት ማታውን ነው፤ መምህሩም አንተ ሳትመጣ በማለዳ ከዚያው ጀሪካን ታንኩን ሞልቶ አስነስቶታል።»

ልብስ ሰፊዋ እጇን ከጨርቁ ላይ አነሳች።

«ሞተሩ እንዲሞት ነበር የፈለግኩት» አለች። «ግቢ ውስጥ ያስነሳዋል፣ እዚያው ነክሶ ይቀራል፣ ተናዶ ይሸጠዋል ብዬ። ክፍሌን መልሼ አገኛለሁ ብዬ። ጠዋት ሲያስነሳው ጩኸቱ ራሴን በጠበጠኝ፤ እንደ ልማዴ ከግቢዬ አውጣልኝ ብዬ ጮህኩበት። እሺ ብሎ ወጣ። በር ድረስ ተከትዬው ነበር። ተመለስ ልለው አፌን ከፍቼ፣ ለምን ቢለኝ ምን እንደምመልስ ጠፋኝ።»

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን» አሉ ጡረተኛው በቀስታ፤ ቀሪውን ዋጡት።

ቶርኖ ቁጭ አለ። ሹፌሩ ወደ እህቱ ተጠግቶ ክንዷን ያዘ።

«እቱ፣ ዝም በይ። ያየሽ ሰው የለም። ወረቀት ምን ይመሰክራል? ቶርኖ እንደሆነ በገዛ አፉ አምኗል፤ ሥራው ተበላሽቶበት እንጂ አስቦ ስላልሆነ እስር ቤት ብዙም አይቆይ። ፊትም ይኸው ነው የነገርኩሽ።»

ኢንስፔክተሯ ጣልቃ አልገባችም። ቀኑን ሙሉ ስትናደድ ውላ አሁን የምትናደድበት ሰው አጥታ ነበር።

ልብስ ሰፊዋ ክንዷን ከወንድሟ እጅ አስለቀቀች፤ ተነሥታም ቶርኖን ፊት ለፊት ተመለከተችው።

«ስትነግረኝማ ዝም ብዬ ነበር። ይኸው ሰውዬው ሳያጠፋ እፈርማለሁ ይላል» አለች። «ባሌን ገድያለሁ፤ ጓደኛውን አልጨምርበትም። አንድ ሰው ይበቃኛል።»

ከዚያ ያደረገችውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልትናገር ወደ ኢንስፔክተሯ ዞረች።