የማይበርደው ናፍጣ

አብተው የሞተው ሽንኩርት ከጫነው የራሱ መኪና ኋላ ነው፤ ቅጠል እንደ ጨበጠ። ከሹፌሩ ጋር ከመቂ ወደ አዳማ ሲመጡ መኪናው ቆቃ ዳገት ላይ ጉልበት አጥቶ ቆመ። አብተው ለኋላ መጪ ምልክት ቅጠል ሊጥል ወረደ፤ ከኋላ የመጣ ተሳቢ ገጨው።

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተር ዘርፉ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ፣ መኪናው አጠገብ ቆመች። ሹፌሩ መሐመድሰዒድ በካቴና ታስሯል። ከትናንት ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ ይህ አንጀቷን በልቷታል።

«ወላሂ፣ ሞተሩ አልጠፋም! ዝም ብሎ ደከመ።»

ናፍጣውን የሸጠላቸው ንዋይ ጮኸ፤ «ናፍጣዬ ንጹሕ ነው፤ ከፈለጉ እጠጣዋለሁ!»

«አትጠጣው። ከዚያው በርሜል የቀዱ ሦስት መኪኖች ሻሸመኔ በሰላም ገብተዋል» አለችው ዘርፉ።

መኪናውን የጠገነው የጋራዥ ባለቤት ማስረሻ ሳቀ። «ኢንስፔክተር፣ ይሄ ሙያ ነው፤ ለእርስዎ አይገባም። ከእኔ ዘንድ ደህና ሆኖ ነው የወጣው። ይሄ በግ መኪና መንዳት አይችልም፣ በቃ።»

ዘርፉ ጋቢናውን ስትፈትሽ በጋዜጣ የተጠቀለሉ ሦስት ሴንሰሮች አገኘች።

«ምንድን ናቸው?»

«የናፍጣ ሙቀት የሚለኩት ናቸው» አለ መሐመድሰዒድ። «ጋሼ አብተው አሮጌውን ዕቃ ሳይረከብ ከጋራዥ አይወጣም። ካልያዘው መቀየሩን አያምንም። ሦስቱንም ማስረሻ በዚህ ሳምንት ነው የቀየራቸው።»

ዘርፉ ቁልፉን አዙራ የመኪናውን ኮምፒዩተር የሚያነብ መመርመሪያ ሰካች። ከዚያ ሁሉንም ጠራቻቸው።

«መኪናው ሳይነሳ አድሯል፤ ናፍጣው ቀዝቃዛ ነው። መመርመሪያው ግን መቶ ሠላሳ ዲግሪ ይላል። ኮምፒዩተሩ ናፍጣው ፈላ ብሎ ካመነ ሞተሩ እንዳይጎዳ ጉልበት ይቀንሳል። ልጁ የነገረን ይህንኑ ነው።»

«ሴንሰሩ ተበላሽቷላ!» አለ ማስረሻ።

«እንንቀለው።» የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለች። «ጥፋቱ የሴንሰሩ ቢሆን፣ ሲነቀል ኮምፒዩተሩ የሚያነበው አጥቶ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ይወርድ ነበር። ያው መቶ ሠላሳ ነው። ስለዚህ ከሴንሰሩ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚሄደው ሽቦ የሆነ ቦታ ብረት ነክቷል።»

ጎንበስ ብላ በኋላ ከተጨመረው የናፍጣ ታንከር በላይ ያለውን ገለጠች። ቀጭኑ ሽቦ በፌስታል ተጠቅልሎ በብረት ማሰሪያ ከመኪናው ሻንሲ ብረት ጋር ተጠፍሯል፤ ማሰሪያው የሽቦውን ፕላስቲክ በልቶ ገብቷል።

«ማስረሻ፣ ይህን ሁለተኛ ታንከር ስትገጥም ሽቦውን ያሰርከው አንተ ነህ። አንድ ሴንሰር ብትቀይር ስህተት እንበለው። ሦስተኛው ላይ ግን ጥፋቱ ሌላ ቦታ መሆኑን አውቀሃል። እያወቅህ ‹ደህና ነው› ብለህ ሰደድከው።»

«ታዲያ ለአንዲት ክር ሙሉ ቀን መኪና ስር ልጋደም? እኔ ማስረሻ?»

ዘርፉ ጫማ ላይ የተለጠፈ ነገር እንደሚያይ ሰው አየችው። «አዎ፤ አንተ። ሙያ ያልከው እሱን ነው።»

ካቴናውን ከልጁ ፈትታ ለማስረሻ አደረገችለት። መሐመድሰዒድ ግን አልሄደም።

«የጋሼ ቀብር ስንት ሰዓት ነው?»

«ስድስት።»

«ቤተሰቡ የገደልኩት እኔ ይመስላቸዋል።»

ዘርፉ ኮፍያዋን አነሳች። «መጀመሪያ ዳቦ ትበላለህ። ከዚያ ቀብሩ ላይ ከፊት እኔ እገባለሁ፤ አንተ ከኋላዬ።»