የማሳያው ፓፍ

ኤልያቄም አሰፋ ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ እግሮቹን እንደ ደከመው መንገደኛ ዘርግቶ ሞቶ ተገኘ። ቀኝ እጁ ሰማያዊ የአስም ፓፉን እንደጨበጠ ደርቋል። ስልኩ ጭኑ ላይ ነው። ፊት ለፊቱ ባለው ሦስት ጉልቻ መካከል ግማሹ የነደደ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ ወድቋል።

ኢንስፔክተር ሃቦኔ ጉተማ በሩን ከፈተችው፤ ዘጋችው፤ እንደገና ከፈተችው። ሕፃን ልጅ እንኳ በአንድ ጣቱ ይከፍተዋል።

«ኦቦ ዋቅጋሪ፣ ሲያገኙት በሩ እንዴት ነበር?»

«ተዘግቷል፤ ግን አልተቆለፈም» አሉ ዘበኛው ካፖርታቸውን እየሰበሰቡ። «ትናንት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የጭሱን ፎቶ አነሳለሁ ብሎ ገባ። እኔ ዋናው በር ላይ ነኝ። በጓሮ በኩል የወጣ መሰለኝ፤ እዚያም መውጫ አለና። ጠዋት ልጠርግ ስገባ… ያ ዋቃዮ!»

ማዕድ ቤቱ ለማንም ምግብ የሚበስልበት ቤት አይደለም። አምቦ ውስጥ በመንግሥት በጀት የተቋቋመው የሕፃናት አስም መከላከያ ፕሮግራም የሠራው የማሳያ ቤት ነው። በአንድ ጎኑ የድሮው ጉልቻ፣ በሌላው ጎኑ ጭስ ቆጣቢው ምድጃ አለ፤ እናቶች ሁለቱንም አንድደው የትኛው ልጃቸውን እንደሚያስለው በዓይናቸው ያዩበታል። ፕሮግራሙ ምድጃ ያድላል፣ እናቶችን ያሠለጥናል፣ ከአምቦ እስከ ደንዲ ላሉ ሦስት መቶ ያህል ልጆች ፓፍ ይሰጣል። አስተባባሪው ኤልያቄም ነበር። ራሱም ከልጅነቱ ጀምሮ አስም ነበረበት።

«አስም ነበረበት፤ ጭስ ውስጥ ገባ፤ ሞተ» አሉ ከኋላዋ ኦቦ ጉደታ። የመጪውን ዓመት በጀት ለመወሰን ትናንት አምቦ የገቡት የመንግሥት ኃላፊ ናቸው። «ነፍሱን ይማረው። ግን ኢንስፔክተር፣ እኔ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወይ እፈርማለሁ ወይ አልፈርምም። ሰው ተገደለበት በሚባል ግቢ ፊርማዬን ማኖር ይከብደኛል። ልጆቹን አስቢያቸው።»

«እያሰብኳቸው ነው» አለች ሃቦኔ። «እርስዎ ትንፋሽ ቢያጥርዎ ወዴት ይሮጣሉ?»

«ወደ በር ነዋ!»

«እሱ አልሮጠም።»

ፓፉን በጓንት ይዛ አንዴ ተጫነችው። ትስስ አለ። አገላብጣ ስታየው ወገቡ ላይ ዙሪያውን ጣት የሚይዝ፣ አቧራ የሰበሰበ የሙጫ ቀለበት አገኘች። ፓፉን በከረጢት አድርጋ አስቀረችና ሬሳው ኪሱ ሳይነካ ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ አዘዘች።

የሟቹ ሚስት አርሴማ መምህርት ናት። ቢሮው ውስጥ ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጠበቀቻት።

«ባልዎ ሌሊቱን ሳይመጣ ሲቀር አልፈለጉትም?»

«አልፈለግሁትም። ደወልኩ፤ አላነሳም። ከሲስተር ዘርፈሽ ጋር ነው ብዬ በሬን ቆልፌ ተኛሁ።» ከንፈሯን ነከሰች። «ሦስት ዓመት ሙሉ በቤቴ ከዚህ ፕሮግራምና ከዚህች ነርስ በቀር ወሬ የለም። ዘርፈሽ እንዲህ አለች፤ ዘርፈሽ ጌዶ ሳለች እንዲህ አደረገች። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ስቀና እሱ እዚህ ይሞት ነበር። ይበቃዎታል?»

«ትናንት እዚህ መጥተው ነበር?»

«አሥር ሰዓት ላይ። ለዛሬ እንግዳ የሚለብሰውን ሸሚዝ አመጣሁለት። እሱና ባልደረባው ፍሮምሳ ደጅ ባነር ይሰቅሉ ነበር። ጃኬቱ እዚህ ወንበር ላይ ነበር፤ ሸሚዙን እላዩ ላይ ጥዬ ሄድኩ።»

«ፓፉን ከየት ነው የሚያገኘው?»

«ከፋርማሲ ይገዛል። ባለፈው ሳምንት አዲስ ገዛ። የፕሮግራሙን አይነካም፤ የልጆች ነው ይላል።»

«ካርቶኑ አለ?»

«እኔ ካርቶን ጥዬ አላውቅም።»

«ያምጡልኝ።»

ባነሩ አዳራሹ በር ላይ ተሰቅሏል። «የኤልያቄም አሰፋ ፈጠራ» ይላል በትልቁ። ከሥሩ ሁለት እጆች የውሃ ፕላስቲክ ይዘው ይታያሉ። ከትከሻ በላይ ያለው ተቆርጦ ቀርቷል፤ ፊት የለም። የቀኙ አውራ ጣት ላይ የቆየ የቃጠሎ ጠባሳ አለ። ሃቦኔ የሟቹን ለስላሳ ጣቶች አስታወሰች።

«ይህ ነገር ምንድን ነው?» አለችው የፕሮግራሙን ወጣት ባለሙያ ፍሮምሳን።

«ሃይላንድ ናት። ቂጧ በጋለ ሽቦ ይበሳና ፓፉ ይሰካል። ልጁ በአፏ በኩል ይተነፍሳል፤ መድኃኒቱ ምላሱ ላይ ሳይቀር ሳንባው ይገባል። ከውጭ የሚመጣው ዕቃ ውድ ነው፤ ይቺን ግን ከየሆቴሉ እንለቅማታለን።»

«ማን ነው የፈጠራት?»

«ተጽፏል እኮ።»

«አንተን ነው የጠየቅሁህ።»

ፍሮምሳ በአፍንጫው ሳቀ። «እኔ ሦስት ወር የለፋሁበት ሪፖርት ላይም የእሱ ስም ነው ያለው። እዚህ ግቢ ስሙ ያልተነጠቀ ኦቦ ዋቅጋሪ ብቻ ናቸው።»

«ጠልተኸው ነበር?»

«ቀንቼበት ነበር። ወንበሩን ፈልጌያለሁ፤ ሬሳውን አልፈለግሁም።»

ሲስተር ዘርፈሽ ግቢው ውስጥ ነበረች። ከየገጠሩ በጠዋት የመጡት እናቶች ወሬውን ሰምተው በየጥላው ተቀምጠዋል፤ እሷ የሥልጠናውን ቅርጫት ጠረጴዛ ላይ አኑራ ጠርሙሶች ትደረድራለች። ቀኝ አውራ ጣቷ ላይ ጠባሳው አለ።

«ፎቶው ላይ ያሉት እጆች የእርስዎ ናቸው» አለች ሃቦኔ።

«እጆቹ አዎ።»

«ጠርሙሷስ?»

«ጌዶ ሳለሁ የሠራኋት ናት። ስድስት ዓመት፣ በእግሬ፣ ያለ በጀት። በሌላም አገር ይሠሯታል አሉ፤ እኔ ግን ከማንም አልሰማሁም። አንዲት ልጅ እጄ ላይ ስትሞት ነው ያሰብኳት።» ጠርሙሱን አስተካከለች። «እሱ ውጭ ተምሮ መጣ፤ ፎቶ አነሳ፤ ጻፈ፤ በጀት ተሰጠው። ዋናው የልጆቹ መተንፈስ ነው።»

የመጨረሻውን ቃል ተደጋግሞ እንደተጠና ጸሎት አለችው። ሩቅ ተምሮ የተመለሰ ሰው፣ አገር ቤት ስድስት ዓመት የኖረን ነገር ትናንት እንደተወለደ አድርጎ ያየዋል። ኤልያቄምም የሰረቀ አልመሰለውም ነበር፤ ያገኘ ነበር የመሰለው።

ሃቦኔ ሌላ ጥያቄ ልትጠይቅ ስትል ጩኸት ተሰማ።

«ማሎ! ልጄን!»

ሸዋገነት የምትባለው እናት የአምስት ዓመት ልጇን ሮቤራን ታቅፋ ቆማለች። የታኅሣሥ የጤፍ ውቂያ አቧራ ለሳምንት ሲያስለው ከርሟል፤ ፓፉ አልቆ አዲስ ልትቀበል ነበር የመጣችው። የልጁ አንገት ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጎዳል፤ ደረቱ ያፏጫል፤ ከንፈሩ መጥቆር ጀምሯል።

«ቁልፍ!» ብሎ ጮኸ ፍሮምሳ። «የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ኤልያቄም ኪስ ውስጥ ነው! ሆስፒታል ሄዷል!» ሞተር ሳይክሉን ሊያስነሳ ሮጠ።

ዘርፈሽ ለአንድ አፍታ ልጁን አየችው። ከዚያ እጇን ቅርጫቱ ውስጥ ከተተች። ከላይ ያሉትን ፓፎች ወደ ጎን ገፋች፤ ከሥር አንዱን አወጣች፤ ነቅንቃ ጠርሙሱ ላይ ሰካችው፤ የጠርሙሱን አፍ ለልጁ ሰጠችው።

«ተንፍስ የኔ አንበሳ። ቀስ። አንድ… ሁለት… ደግመህ።»

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሮቤራ የእናቱን ትከሻ ተደግፎ አለቀሰ። ለማልቀስ የሚበቃ ትንፋሽ አግኝቷል። ሴቶቹ እልል አሉ። ሃቦኔ እልል አላለችም፤ ፓፉን ከጠረጴዛው አነሳች። ወገቡ ላይ ነጭ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። ቅርጫቱ ውስጥ ያሉትም ሁሉ ፕላስተር አላቸው፤ የእነሱ ግን ከእጅ ብዛት አድፏል።

ፍሮምሳ ከሞተር ሳይክሉ ወርዶ ሲመለስ ጠራችው።

«ይህ ፕላስተር ምን ማለት ነው?»

«ማሳያ ነው ማለት ነው። መድኃኒቱ ያለቀበት ፓፍ ለሥልጠና ይቀመጣል፤ እናቶች ተሳስተው እንዳይወስዱት ፕላስተር እናስርበታለን። የሲስተር ሕግ ነው። አንዴ ባዶውን ለበሽተኛ ልጅ ላነሳ ስል እጄን በማንኪያ መታኛለች።»

«ባዶው ሲጫኑት አይጮህም?»

«ይጮሃል እንጂ! ችግሩ እሱ ነው። መድኃኒቱ ቢያልቅም ንፋሱ ይወጣል። ድምፁን አትመኑ ብለን በየሳምንቱ እናስተምራለን…» ድንገት አቆመና ቅርጫቱን፣ ከዚያም ልጁን አየ። «ታዲያ ልጁ በምን ተሻለው?»

«እኔም እሱን ነው የምጠይቀው» አለች ሃቦኔ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሩብ ሲቀረው ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኦቦ ጉደታ ፊት ለፊት፣ ማህደራቸው ጉልበታቸው ላይ፤ አርሴማ በመስኮቱ አጠገብ፤ ፍሮምሳ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ሊይዝ እስክሪብቶ አውጥቶ፤ ዘርፈሽ ከእናቶቹ መካከል። ኦቦ ዋቅጋሪ በሩ ላይ ቆመዋል።

«ሟቹ ከበሩ ሦስት እርምጃ ርቆ ተቀምጦ ሞተ» ብላ ጀመረች ሃቦኔ። «ትንፋሽ ያጠረው ሰው ወደ በር ይሮጣል። መድኃኒቱን ያመነ ሰው ግን ይጫናል፤ ይቀመጣል፤ እስኪሠራ ይጠብቃል። ኤልያቄም ጠበቀ። ፓፉ ጮኸለት፤ አልሠራለትም።»

«አልቆበት ይሆናላ» አሉ ኦቦ ጉደታ።

«የገዛው ባለፈው ሳምንት ነው። እጁ ላይ ያገኘሁት ፓፍ ደግሞ ወገቡ ዙሪያ የሙጫ ቀለበት አለው፤ ፕላስተር ኖሮበት ተላጧል። የማሳያ ፓፍ ነው። ትናንት አሥር ሰዓት ላይ ጃኬቱ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ነበር። አንድ ሰው የእሱን ሙሉ ፓፍ ወስዶ ባዶውን አስቀመጠለት።»

«እኔ ጃኬቱ ጋ ነበርኩ» አለች አርሴማ።

«ነበሩ። ፍሮምሳም፣ ኦቦ ዋቅጋሪም፣ ሲስተር ዘርፈሽም ግቢው ውስጥ ነበራችሁ። ሁላችሁም የጭሱን ፎቶ ሊያነሳ እንደሚገባ ታውቃላችሁ። ቅናትም ቢሆን እዚህ ቤት ለሁሉም ደርሷል። ስለዚህ ‘ማን ቀና?’ ብዬ አልፈለግሁም። ሙሉው ፓፍ የት ገባ ብዬ ነው የፈለግሁት።» ነጭ ፕላስተር ያለበትን ፓፍ ጠረጴዛው ላይ አቆመች። «ሌላ ሰው ቢሆን ወንዝ ይጥለው ነበር። ይህ ሰው ግን መጣል አልቻለም። ማሳያ ያልሆነ ፓፍ ቅርጫቱ ውስጥ ቢታይ ጥያቄ ያስነሳል፤ ስለዚህ አዲስ ፕላስተር ጠመጠመበትና ከሥር ደበቀው።»

የአርሴማን ካርቶን ከጎኑ አኖረች። «ካርቶኑ ላይ ያለው የምርት ቁጥርና ፓፉ ላይ ያለው አንድ ነው። የፕሮግራሙ መድኃኒቶች ሌላ ቁጥር አላቸው፤ ቁልፉ ሲመጣ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ አይቻለሁ።»

ኦቦ ጉደታ ሁለቱን ቁጥሮች አጎንብሰው አነበቡ።

«ዛሬ ሮቤራ ሲታፈን ፍሮምሳ ወደ ቁልፉ ሮጠ። ቅርጫቱን ዞሮ እንኳ አላየውም፤ እዚያ ያለው ሁሉ ባዶ ነው ብሎ ያምናልና። ሲስተር ዘርፈሽ ግን ሕጉን ያወጡት እርስዎ ሆነው፣ እጅዎን ቅርጫቱ ውስጥ ከተቱ። ከላይ ያሉትን አልፈው ከሥር ፈልገው አወጡ።»

«በድንጋጤ ያገኘሁትን ነው ያነሳሁት» አለች ዘርፈሽ።

«በድንጋጤ የሚያነሳ ሰው ከላይ ያነሳል።»

ዘርፈሽ ጠባሳዋን በሌላው እጇ ሸፈነችው። ሸዋገነት ልጇን አጥብቃ አቅፋ፣ «ሲስተር?» አለች በቀስታ፤ ለሌላ ሰው የተባለ ነገር የሰማች ይመስል።

«ሙሉ ፓፍ ነው» አለች ዘርፈሽ በመጨረሻ፤ የምትናገረው ለሸዋገነት ነበር። «ጌዶ እያለሁ አንዱን ለማግኘት ስንት ደጅ ጠንቻለሁ። እንዴት ብዬ ልጣለው?»

«እሱንስ?» አለች አርሴማ ከመስኮቱ። «እሱን እንዴት ጣልሽው?»

«ባነሩን ሲሰቅል መሰላሉን እኔ ያዝኩለት። ‘ቀጥ ብሏል ወይ ሲስተር?’ አለኝ። ስሙ ቀጥ ማለቱን ነው የጠየቀኝ። የገዛ እጄን ፎቶ እያየ። ጭስ ውስጥ እንደሚገባ አውቅ ነበር። ሌላ የምለው የለኝም።»

ሃቦኔ ክንዷን ያዘቻት። ዘርፈሽ ልጁን አይታ ቅርጫቱ ውስጥ እጇን ባትከት ኖሮ ማንም አይደርስባትም ነበር፤ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። በበሩ በኩል ሲያልፉ ኦቦ ዋቅጋሪ ቆባቸውን አወለቁ፤ ለማን እንደሆነ ራሳቸውም አያውቁም።

ኦቦ ጉደታ መነጽራቸውን ሲጠርጉ ቆይተው ማህደራቸውን ከፈቱ።

«ወንጀል የሠራው ሰው ነው፤ ፕሮግራሙ አይደለም» አሉ። «ልጆቹ በማንም ቅናት መታፈን የለባቸውም። እፈርማለሁ።» እናቶቹ ተነፈሱ። «ደግሞም በሥራው ላይ የሞተ ሰው ሊረሳ አይገባም። ከዛሬ ጀምሮ ፕሮግራሙም፣ ያቺ ጠርሙስም በእሱ ስም ይጠሩ። ያዘው ፍሮምሳ።»

ዘርፈሽ ደጃፉ ላይ ቆመች። ሃቦኔ ሳበቻት፤ እግሯ እምቢ አለ። እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር። አሁን ደረጃው ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ ከሚስትየው በፊት ወረደ።

ከውስጥ የፍሮምሳ ድምፅ መጣ።

«ስሙን ከነአያቱ ልጻፈው?»

«ከነአያቱ» አሉ ኦቦ ጉደታ።