የተላለፉበት ኮረብታ

ኢንገር ሶረንሰን የውሃ በርሜል የጫነችውን በቅሎ እየጎተተች ኮረብታው ላይ ስትደርስ፣ የወዲያኛው መንገድ ቆፋሪዎች እጅግ ቀርበው ነበር፤ ሲያስሉ ይሰማል።

ነገሩ ላየው ሰው ያስቅ ነበር። አንዱ ኩባንያ ከምሥራቅ፣ ሌላው ከምዕራብ ሀዲድ እየዘረጋ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ሊያገናኙ ተነሱ፤ የት ላይ እንደሚገናኙ ግን የወሰነ አልነበረም። ስለዚህ ከሀዲዱ ቀድመው መሬት የሚደለድሉት ሰዎች ዩታ ላይ ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ፣ ቁሙ የሚላቸው ጠፋና ጎን ለጎን ተላልፈው ቁፋሯቸውን ቀጠሉ። የኢንገር አባት ወደ ምዕራብ፣ እነዚያ ወደ ምሥራቅ። ሁሉም የአንድ ሸለቆ ሰዎች፣ የአንድ እምነት ልጆች ናቸው። እሁድ አብረው ይጸልያሉ፤ ሰኞ ባሩድ ሲያፈነዱ አንዱ ሌላው ላይ ድንጋይ ያዘንባል።

«እህት፣ ውሃሽ ለጠላት ይፈቀዳል?» አላት አንድ አቧራ የለበሰ ወጣት።

«ለጠላት ይፈቀዳል፤ ለቀልደኛ አይፈቀድም።»

«እንግዲያው ጠላትሽ ነኝ። ኤምሪስ ፕሮበርት እባላለሁ።»

እየጠጣ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። እሷም ጭልፋዋን ለመቀበል አልቸኮለችም።

ሁለቱ ሰፈሮች ትይዩ ሆነው በሰነበቱበት ጊዜ፣ ኢንገር የምትቀዳበት ምንጭ ሁሉ በእሱ በኩል ሆነ። እናቷ ከሞተች ጀምሮ አባቷን ተከትላ ድንኳን ስትተክልና ስትነቅል የኖረች ልጅ ናት፤ የዘራችውን ባቄላ ለቅማ አታውቅም። መሄድ ግድ አይሰጣትም ነበር። አሁን ግን ድንኳኑ የሚነቀልበትን ቀን ፈራችው።

እሁድ ከጸሎት በኋላ ኤምሪስ ባርኔጣውን አውልቆ አባቷ ፊት ቆመ።

«ወንድም ሶረንሰን፣ ኢንገርን እንዲሰጡኝ ልለምን ነው የመጣሁት።»

«አንተ ልጅ፣ በምትደለድለው መንገድ ላይ ባቡር ይሄድበታል?»

«ይሄዳል ብዬ ነው የምለፋው።»

«የሚሄደው በእኔው ላይ ነው! ከንቱ ሲቆፍር ለሚውል ሰው ልጅ አልሰጥም። ባቡር በመንገድህ ያለፈ ዕለት ና።»

በማግስቱ ድንኳኑ ተነቀለ። ኤምሪስ ዶማውን ጥሎ ጋሪያቸው አጠገብ ደረሰ።

«ኢንገር፣ እነሱ ይሂዱ። እኛ እዚሁ እንቅር።»

«አባቴንስ ማን ያበላዋል?»

«እሺ ብቻ በይኝ። እዚሁ ቆሜ እጠብቅሻለሁ።»

እሺ የሚለው ቃል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ግን አባቷ እያያት ነው።

«መንገድህን ቆፍር» አለችው። ወዲያው ተጸጸተች።

ከዚያ ወዲያ እረፍት አጣች። ዳቦ ታሳርራለች፣ ወጡ ላይ ጨው ትደግማለች፣ ተኝታ ትነሳለች፣ ተነስታ ወደ ምሥራቅ ታያለች። አባቷ አካፋውን ባነሳ ቁጥር ከኤምሪስ የሚያርቃት መሰላት። እውነትም ነበር፤ እሷ ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ትሄዳለች፣ እሱ ወደ መውጫው። ወደደችው፤ ገፍታም ሰደደችው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፈረሰኛ እየጋለበ መጣ።

«አቁሙ! ዋሽንግተን ወስኗል! ሀዲዱ የሚገጥመው ኮረብታው ላይ ነው!»

«የቱ ኮረብታ?» አለ አባቷ።

«የተላለፋችሁበት ነዋ!»

«ከዚያ ወዲህ የቆፈርነውስ?»

«ጥንቸል ይሂድበት። እነዚያም ወዲያ ማዶ የቆፈሩት ቀልጦ ቀርቷል።»

አባቷ የእጅ ጋሪው ላይ ተቀመጠ። ኢንገር አዘነችለት፤ ልቧ ግን ደረቷ ውስጥ አልቀመጥ አለ።

«አባዬ፣ ከንቱ ለቆፈረ ሰው ልጅ አልሰጥም ብለህ ነበር።»

«ብያለሁ።»

«እኔም እኮ ከንቱ የቆፈረ ሰው ልጅ ነኝ። እንመጣጠናለን።»

ሽማግሌው በቁጣ ቀና አለ፤ የደለደለውን ያን ሁሉ መንገድ አየ፤ ከዚያ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ያረጀውን ድንኳን ራሱ በቅሎዋ ላይ ጫነላት።

«ሂጂ። እኔም እነዚህን ሰዎች አሰናብቼ እከተልሻለሁ።»

አባቷ በደለደለው መንገድ ተመለሰች። ኮረብታው ላይ ስትደርስ ሰፈሩ ሌላ ሆኖ ጠበቃት፤ ሀዲድ አንጣፊው፣ መጠጥ ሻጩ፣ የቴሌግራፍ ሠራተኛው ይተራመሳል። ኤምሪስ ግን የለም። የጠየቀችው ሁሉ ትከሻውን ነቀነቀ። እጠብቅሻለሁ ያላትን ሰው ራሷ አባርራው አሁን ማንን ትውቀስ?

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በምሥራቁ በኩል አካፋ የተሸከመ ሰው ብቻውን ሲመጣ አየች። እየሮጠ ነበር። ሲያያት ቆመ።

«ቆፈርክ?» አለችው።

«እንዳልሽኝ ቆፈርኩ። ቆንጆ መንገድ ነው፤ ባቡር የለውም እንጂ።»

«እሺ» አለች።

«ምኑን ነው እሺ?»

«ያን ዕለት የጠየቅኸኝን።»

አባቷ ደርሶ እሁድ ተጋቡ። ሀዲዱ የገጠመ ዕለት ሰው ሁሉ ከሁለቱም ወገን የመጡትን ባቡሮች ሊያይ ሲጋፋ፣ ኢንገር ድንኳኗን ስትተክል ዋለች። ኤምሪስ ካስማውን ሊመታላት እጁን ሲዘረጋ ከለከለችው፤ ራሷ መታችው፣ እንደገና መታችው፣ ማንም እንዳይነቅለው አድርጋ መታችው።