ቀይ ክር የታሰረበት ቅርንጫፍ

የሐይቁ በረዶ ከእግራቸው ሥር አጓራ። ፌንያ መንጠቆዋን ከጉድጓዱ ስባ ቀና ስትል ጉሙ ተጠግቷቸዋል። ጠዋት ፊታቸውን ሲገርፍ የነበረው ነፋስ አሁን ከጀርባ፣ ከመንደሩ በኩል ይነፍሳል።

«ሳቫ፣ ነፋሱ ዞሯል።»

«ምን ታካብጃለሽ? ዓሦቹ ገና አሁን መብላት መጀመራቸው ነው።»

«አትመጣም? ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ሳቫ የክፍል ጓደኛዋ ነው፤ አስተማሪ ሳይቀር የሚያስቅ ልጅ። ዛሬ ለሁለቱም ቤት «ሸምበቆው አጠገብ ነን» ብሎ የዋሸው እሱ ነው፤ እሷም ዝም ብላ ተከተለችው። ሸምበቆው አጠገብ ጣት የማታህል ዓሣ ናት ያለችው። ትልልቁ የሚገኘው በረዶውን ለሁለት ከከፈለው ስንጥቅ ማዶ ነው። ልጆች ግን ስንጥቁን ያለ አዋቂ አይሻገሩም። ነፋስ ከየብስ ሲነሣ የፔይፕሲ ሐይቅ በረዶ እዚያ ላይ ይገነጠልና የተሸከመውን ሰው ይዞ ወደ ሐይቁ መሃል ይሄዳል። የፌንያ አጎት እንደዚያ ሄዶ ነው የቀረው። ሳሩን እንጂ ገደሉን አላየሁም አለች በልቧ።

ሸርተቴያቸውን እየጎተቱ ስንጥቁ ጋ ደረሱ። ጠዋት በሁለቱም በኩል ተርፎ የነበረው የመሻገሪያ ሳንቃ አሁን በጫፍ በጫፉ ብቻ ነው ያረፈው። ከሥሩ ያለው ውኃ ጥቁር ነው። በሆዷ ተኝታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ እየተሳበች ተሻገረች። ሳቫ ሸርተቴዎቹን አሳልፎ ተከተላት።

በሐይቁ ሰው ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ስንጥቁን የሚሻገር ሁሉ በየብስ በኩል ባለው ጠርዝ የጥድ ቅርንጫፍ ይተክላል፤ ሲመለስ ይነቅላል። ሊመሻሽ ሲል «ቅርንጫፍ ቆሟል?» ተብሎ ይጠየቃል። ካልቆመ ሁሉም ገብቷል ማለት ነው፣ ማንም ለፍለጋ አይወጣም። ከቆመ ግን የማን ነው ሳይባል ይወጣል። ሁለቱ እንዳይታወቅባቸው ብለው አልተከሉም። ጠዋት ግን አንድ ቅርንጫፍ እዚህ ቆሞ ነበር፤ ቀይ የሱፍ ክር የታሰረበት፣ የሽንኩርት ሻጩ የአባባ ዚኖቪ።

አሁን የለም።

«አባባ ዚኖቪ ገብተዋል» አለ ሳቫ፣ ሳትጠይቀው። «በይ ሳንቃውን እንሳብ። መጨረሻ የገባ ነው የሚያነሣው።»

ፌንያ ሳንቃውን ልትይዝ ጎንበስ ስትል የሽማግሌውን የሸርተቴ ዱካ አየች። ወደ ማዶ ይሄዳል። የመመለሻ ዱካ ግን በየትም በኩል የለም። ቀና ብላ ሳቫን አየችው፤ ዓይኑን አሸሸ፣ ከረጢቱንም በእግሩ ገፋ አደረገ። ሄዳ ከፈተችው። ከዓሣዎቹ ሥር ቀይ ክር ብቅ አለ።

«ምንድነው ይሄ?»

«ጠዋት አንቺ ቀድመሽ ስትሻገሪ ነው የነቀልኩት። ቆሞ ካዩት እሳቸውን ፍለጋ ሲመጡ እኛን ያገኙናል ብዬ እኮ ነው። ስንመለስ ልተክለው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተከልክም?»

«አሁን ከተከልነውማ የመንደሩ ሰዎች ይወጣሉ፣ ዱካችንን ያያሉ። ደግሞ አባባ ዚኖቪ ሐይቁን ከኛ በላይ ያውቁታል። ይገባሉ።»

«ጆሯቸው አይሰማም፣ ሳቫ። በረዶው ላይ በተከሉት ድንኳን ውስጥ ናቸው። በረዶው ሲያጓራም አይሰሙት፣ ነፋሱም አይነካቸው።»

«በናትሽ፣ ፌንያ። አባቴ ይገድለኛል። ያንቺም አባት ሁለተኛ ሐይቁን አያሳይሽም።»

እውነቱን ነው። አባቷ ወንድሙ ከቀረ ወዲህ ልጁን በረዶ ላይ ያየ ቀን እንቅልፍ አይወስደውም። ለምና፣ አልቅሳ፣ ስንት ዓመት ለፍታ ነው ያስፈቀደችው። ከሐይቁ ሌላ የምትወደው ነገር ደግሞ የላትም።

ብርድ እንዳይገድለው ደረቷ ውስጥ የሸጎጠችው ስልክ ጠራ። አባቷ ነው።

«ፌንዬ፣ ነፋሱ አላማረኝም፤ ቶሎ ውጡ። እኔ ዳር ቆሜያለሁ፣ ጉሙ ምንም አያሳይም። ስንጥቁ ከሸምበቆው ይቀርብሻል፣ እስቲ እይልኝ፤ ቅርንጫፍ ቆሟል?»

ሳቫ በእምቢታ አንገቱን በኃይል ነቀነቀ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። ፌንያ ፈራች፤ አባቷን ፈራች፣ ጥቁሩን ውኃ ፈራች፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማዶ ያለውን ዝምታ ፈራች። ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል ይዛ ቅርንጫፉን ከከረጢቱ አውጥታ በሁለት እጇ በረዶው ውስጥ ሰካችው።

«ቆሟል፣ አባዬ። የአባባ ዚኖቪ ነው። ጠዋት ተነቅሎ ነበር፣ አሁን መልሼ ተከልኩት። እኔ ሸምበቆው ጋ አይደለሁም። ስንጥቁ ጋ ነኝ፤ ተሻግሬ ነበር።»

«አሁን በየት በኩል ነሽ?»

«በመንደር በኩል።»

«እንዳትሻገሪ። ሳንቃውን ግን ውኃው እንዳይወስደው ያዥው። ጀልባ ይዘን እየመጣን ነው።»

ፌንያ በሆዷ ተኛችና የሳንቃውን ጫፍ በሁለት እጇ ጨበጠች። በረዶው ከደረቷ ሥር እንደገና አጓራ። ሳቫ ሸርተቴውን ይዞ ወደ መንደሩ ጥቂት ተራመደ፣ ቆመ። ከዚያ ገመዱን ጣለና ተመልሶ አጠገቧ ተኛ።